አራት ሚሊ ሜትር

ወንድይራድ ድሬዳዋ የወረደው አንድ ማሽን አደብ ሊያስገዛ ነበር። ሥራው ይኸው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አመለኛ ማሽን ሲገራ የኖረ ሰው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ከነሹራቡ ቱቦ ባቡር ተሳፈረ፣ ሃምሳ ደቂቃ እንቅልፉን ለጠጠ፣ ድሬ ጣቢያ ላይ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ተቀበለው። ቱቦ ባቡር ማለት አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ቱቦ ውስጥ የሚወረወር ባቡር ነው፤ በእሱ ዘመን ግን ይህን የሚያስረዳ ሰው ቢገኝ ይሳቅበት ነበር። ሰዉ የሚያማርረው ስለ ወንበሩ ጥበት ብቻ ነው።

ጥፋተኛ የተባለው ማሽን እጀ ቀጭን ይባላል። ከፀጉር የቀጠኑ አርባ እጆች ያሉት ቀዶ ሐኪም ነው። ከእምብርት ሥር በምትበሳ ትንሽ ቀዳዳ ይገባል፣ ካንሰር የያዘውን ፕሮስቴት እጢ ቆርጦ ያወጣል፣ ሰውየውም በማግስቱ በእግሩ ቤቱ ይሄዳል። በአገሪቱ ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ደብረ ብርሃን ወርቅ አምባ ማዕከል፣ ሌላው ድሬ። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ሳምንት የወጡ መንትዮች ናቸው።

መንትዮቹ ግን አመላቸው ለየቅል ሆነ። የወርቅ አምባው በሦስት ዓመት አራት መቶ አሥራ ሁለት ወንዶች ኦፕራሲዮን አድርጎ ቅሬታ ያቀረቡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ስለ ምግቡ፣ ሁለቱ ስለ ብርዱ። የድሬው ሦስት መቶ ዘጠና ሰው አክሞ መቶ ሠላሳ ስምንት ቅሬታ ተቆልሎበታል። የወርቅ አምባ ዳይሬክተር ዶክተር ውብአንቺ ወረቀቱን አይታ ራሷን ያዘች። "ምን ዓይነት ጉድ ነው? ሂድና የኛን ልምድ ጫንበት" አለችው። ልምድ የሚሉት ማሽኑ ካከመው ሰው ሁሉ የተማረው ትምህርት ነው፤ የጥፍር ስፋት ባላት ሳህን ላይ ይገለበጣል። ወንድይራድ እሷን ሳህን በደረት ኪሱ ይዞ ነው የወረደው።

እሱ ራሱ ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውታል። ካንሰሩ ወጥቷል፣ አልተመለሰም፣ ሥራውም አልተጓደለበትም። ስለዚህ የሚስቱ የትርንጎ ታናሽ ወንድም ተካልኝ ያው በሽታ ተገኝቶበት ሲደናገጥ፣ "አይዞህ፣ እኔን አታየኝም? ምን ሆንኩ?" ብሎ ያሳመነው እሱ ነው። ተካልኝ አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ካገባ ገና ሰባት ወሩ። ቀጠሮው ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው።

ክሊኒኩ በር ላይ የተቀበለችው ሲስተር ነጃት ነበረች። አበባ አበባ ባለው ዲሪያዋ ላይ ነጭ ጋውን ደርባለች።

"አንተ ነህ ከደጋ የመጣኸው? ግባ፣ ግባ። መጀመሪያ ውሃ ጠጣ፣ ላብህ ሊያሰጥምህ ነው" አለችው።

ወንድይራድ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደፍራ አንተ የምትለው ዳይሬክተሯ ብቻ ናት። ድሬ ግን ማንንም አንቱ አትልም፤ ይህን ስለሚያውቅ ዋጠው። ውሃውን ጠጣ።

"ሲስተር፣ ማሽናችሁ ሳይበላሽ አልቀረም።"

"ምን አጠፋ?"

"ቅሬታ በዝቶበታል።"

"ቅሬታ የሚያሰማው እሱ ነው እንዴ? ሰዎቹ ናቸው'ኮ!" ብላ ሳቀችበት። "እስቲ የሁለቱንም የመቁረጫ መስመር አውጣና ጎን ለጎን አስቀምጥልኝ።"

የመቁረጫ መስመር ማለት እጀ ቀጭኑ ከእጢው ምን ያህል ርቆ እንደሚቆርጥ የሚያሳይ ነው። ወንድይራድ ሁለቱን ግድግዳው ላይ ለቀቃቸው። የድሬው ማሽን እጢውን ታክኮ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ርቆ ይቆርጣል። የወርቅ አምባው አራት ሚሊ ሜትር ርቋል።

"አራት!" አለች ነጃት። ሳቋ ጠፋ። "አንተ፣ እጢው ዳርና ዳር ምን እንዳለ ታውቅ የለም?"

ማወቁንማ ያውቃል። በእጢው ግራና ቀኝ የሸረሪት ድር የመሰሉ ነርቮች ተለጥፈው ያልፋሉ። የወንድ ብልት እንዲቆም ከአከርካሪ የሚወርደው ትእዛዝ የሚያልፈው በእነሱ ነው። እነሱ ከተቆረጡ፣ ወይ በሙቀት ከተቃጠሉ፣ ወይ ሲጎተቱ ከተጎዱ ትእዛዙ መንገድ ላይ ይቀራል። ፍላጎት አለ፣ ቆዳው ንክኪ ያውቃል፣ ሰውየው ያው ሰውዬ ነው፤ ደሙ ግን አይመጣም። ሐኪሞቹ ስንፈተ ወሲብ ይሉታል። እጀ ቀጭን የተሠራውም የሰው እጅ ያቃተውን ሊያደርግ፣ ድሩን ሳይበጥስ ከእጢው ላይ ፈልቅቆ ሊያስቀር ነበር።

"መራቁ ለካንሰሩ ጥሩ ነው" አለ ወንድይራድ። "ሲርቅ የካንሰር ርዝራዥ አያስቀርም። ነርቩ ቢጎዳ ኖሮ ደግሞ ሰዎቹ ይናገሩ ነበር።"

"ለማን ነው የሚናገሩት?"

"ለጠያቂ።"

ነጃት መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የራሷ ጠያቂ የመደወያ ሰዓቱ ደረሰ።

ጠያቂ እንግዲህ ኦፕራሲዮን የሆነን ሰው በየሦስት ወሩ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ከዚያ ቶሎ እየደወለ የሚከታተል፣ የሰማውንም መልስ ለእጀ ቀጭን የሚያቀብል ድምፅ ነው። ወንድይራድ ይህን ድምፅ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። ምን መምሰል እንዳለበት ኮሚቴ ሲቀመጥ፣ "በሽተኛ የሚፈልገው መርማሪ ሳይሆን ጠያቂ ነው" ብሎ የተከራከረው እሱ ነበር። ብርቱካን በፌስታል ይዞ የመጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ በጨዋ ደንብ የሚቀመጥ ሽማግሌ ድምፅ ይሁን አለ። ሆነም። "እንዴት ሰነበቱ አባቴ? ተሻለዎት? ሁሉ ነገር ደህና ነው?" ይላል። ሰዉ ወደደው፤ ለወንድይራድም የምስጋና ወረቀት ተሰጠው።

የድሬው ጠያቂ ግን የሽማግሌ ድምፅ አልነበረውም። ቁርጥ የነጃት ድምፅ ነው።

"አንተ አቡበከር! እንዴት ነህ?"

"አለሁ አቦ!" አለ በዚያኛው ጫፍ ያለ ጎርናና ሰውዬ። ከኋላው የባቡር ጥሩምባ ይሰማል። "ሽንቱ ተስተካክሏል፣ ቁስሉም ደርቋል።"

"ታች ያለውስ? ይቆማል አይቆምም?"

"ኧረ ተኝቷል! ተኝቷል ስልሽ፣ እንደ ድሬ ቀትር ነው የተኛው!"

"ፍላጎትስ?"

"ፍላጎትማ ሞልቷል፣ የሚያናድደኝስ እሱ አይደል? ሚስቴ ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብላ ትስቃለች።"

"ገና ስድስት ሳምንትህ ነው። ነርቩ ሲጎተት ይደነዝዛል፤ ካልተበጠሰ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ነገ ና ምስል እናነሳሃለን። ኪኒኑን እንዳታቋርጥ።"

"እሺ እናቴ" አለና ዘጋ።

ወንድይራድ ፊቱ ቀልቷል። "ይሄን ማን ፈቀደ?"

"ማንም። እኔ ነኝ የቀየርኩት" አለች ነጃት ያለ ኀፍረት። "የእናንተው ሽማግሌ ሲደውል ሰዉ ምን ይለው ነበር መሰለህ? 'ደህና ነኝ፣ አንቱስ ደህና ሰነበቱ? ልጆች ደህና?' ከማሽን ጋር ሲመራረቁ ይውላሉ! ሦስት ወር ሰማሁና አንድ ሰው እንኳ አሞኛል ሳይል ቀረ። ምስል ሳነሳቸው ግን ሌላ ነው የማየው። በቃ፣ በራሴ አፍ አስጠየቅኳቸው። አሁን አንተ ንገረኝ፤ ብርቱካን ይዞ ለመጣ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር የሚዘረዝር ማነው?"

ወንድይራድ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ሁሉ አንጓው ላይ ከቆዳው ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል መለያ አለችው፤ ጠያቂ ሰውን የሚያውቀው በእሷ ነው። የወንድይራድ አንጓ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"አንተ ወንድይራድ!" አለ ጠያቂው በነጃት ድምፅ። "ሁለት ዓመትህ ሊሞላ ነው። እንዴት ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አለ ወንድይራድ። አፉ ቀደመው።

"ይመስገን። ታች ያለውስ? ይቆማል አይቆምም?"

ነጃት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችለት። ያቺ ደፋር ሴትዮ ያን ያህል ይሉኝታ ይኖራታል ብሎ አልጠበቀም ነበር። እጁን ሰዶ ማሽኑን አጠፋው። በሃምሳ አራት ዓመቱ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አፈረ።

አይቆምም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም። መጀመሪያ ቁስሉ ነው አለ። ቀጥሎ ዕድሜ ነው አለ። ቀጥሎ ከሞት ተርፌ ደግሞ ይህን ላማርር? ብሎ ራሱን ተቆጣ። ትርንጎ ወደ መኝታ ስትሄድ እሱ የሚጨርሰው ሪፖርት አያጣም። በኋላማ "አንኮራፋለሁ፣ ልረብሽሽ አይገባም" ብሎ ፍራሹን ሳሎን አነጠፈ። ትርንጎም ምንም ሳትል ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጣችለት።

ጥቂት ቆይቶ የራሱን የኦፕራሲዮን መዝገብ ግድግዳው ላይ ከፈተ። የመቁረጫ መስመሩ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚያ የሦስቱን ዓመት መስመር በተርታ ዘረጋው። የመጀመሪያው ወር ላይ የወርቅ አምባው ማሽን ልክ እንደ መንትያው ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ነበር። አንድ ሰው ደህና ነኝ ሲለው፣ መራቁ ማንንም አልጎዳም ማለት ነው ብሎ ጥቂት ፈቀቅ ይላል። ሌላው ደህና ነኝ ይለዋል፣ አሁንም ፈቀቅ። አራት መቶ ሰው ደህና ነኝ እያለ አራት ሚሊ ሜትር አደረሰው። ነርቮቹ እንግዲህ ያሉት በእነዚያ አራት ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ነው።

"ማሽኑ'ኮ አልተበላሸም" አለ ወንድይራድ ቀስ ብሎ። "ያልነውን ነው ያመነው።"

ነጃት ከመስኮቱ ዞረች። "ሰው የምታክሙበት ቀጠሮ አላችሁ?"

"ሐሙስ አለ። የሚስቴ ወንድም ነው።"

"እና እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለችው።

ሳህኗን ከኪሱ ሳያወጣት ተመለሰ። ባቡሩ ውስጥ የሚናገረውን ሲያሰላስል ሃምሳ ደቂቃው አልበቃው አለ። ማታ ራት ላይ ትርንጎ ሽሮውን እያቀረበች "ድሬ እንዴት ነበር?" አለችው።

"ይሞቃል።"

"ተካልኝ ደውሎ ነበር። ፈርቷል፣ ልጅ ሆነ እንደ አዲስ! ደግሞ መልሶ 'ወንዴ አይዞህ ብሎኛል' ይላል። ባንተ ነው የጸናው።"

ወንድይራድ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው።

"አንተስ? ፊትህ ልክ አይደለም" አለችው።

"ደህና ነኝ" አላት። ብሎ ሲያበቃ ራሱን ሰማው። ያን ጊዜ መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። ሰሃኑን አንስቶ ለማጠብ ተጣደፈ።

ረቡዕ ጠዋት ወርቅ አምባ ስብሰባ ተቀመጠ። ዶክተር ውብአንቺ፣ አራት ሐኪሞችና ሁለት የአስተዳደር ሰዎች ነበሩ። ወንድይራድ መስመሮቹን ዘርግቶ አስረዳ፤ ማሽኑ ነርቭ እየቆረጠ ነው፣ ሐሙስ መሥራት የለበትም አለ። ዶክተሯ እስኪጨርስ ድረስ ሳታቋርጠው ሰማችው። ስድሳ ዓመት የሞላት፣ በቁጥር ካልሆነ በወሬ የማትነቀነቅ ሴት ናት።

"አራት መቶ ዘጠኝ ሰው ደህና ነኝ ብሏል" አለች። "አንተ ደግሞ ውሸታቸውን ነው እያልከኝ ነው?"

"ውሸት አላልኩም፣ ዶክተር። ለበሽተኛ ጠያቂ የሚባለውን ነው ያሉት። ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"ማስረጃህ ምንድነው?"

"ለሁሉም ምስል ይነሳላቸው።"

"ቅሬታ ለሌለው ሰው የነርቭ ምስል አይታዘዝም። ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ። አንድ የድሬ ነርስ ያለችውን ይዤ የካንሰር ኦፕራሲዮን አላስቆምም። ሰውየው ቢዘገይ ማነው ተጠያቂው?" አለችና ወረቀቷን ሰበሰበች። ሌሎቹም ወንበር መግፋት ጀመሩ።

ወንድይራድ ተካልኝን አሰበ። የሰባት ወር ትዳሩን አሰበ። አሁን ካልተናገረ ነገ ጠዋት ያ ማሽን አራቱን ሚሊ ሜትር ይዞ ይገባል፤ ተካልኝም ከሦስት ወር በኋላ ሽማግሌው ሲደውልለት ደህና ነኝ ይለዋል።

"እንግዲያው እኔ ቅሬታ አለኝ" አለ።

ወንበሮቹ ቆሙ።

"መዝገብ ቁጥሬ መቶ ስድሳ ነው። ሁለት ዓመቴ ሊሞላ ነው። ስንፈተ ወሲብ አለብኝ። ፍላጎቱ አለ፣ ብልቴ ግን አንድ ቀን አልቆመም። ለጠያቂ ስምንት ጊዜ ደህና ነኝ ብዬዋለሁ። ስምንቱም ውሸት ነው።"

ላቡ በጀርባው ወረደ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ብርድ! ከተቀመጡት መካከል በዚያው ማሽን የታከሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። አንዱ መነጽሩን አውልቆ መወልወል ያዘ። ሌላው፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጠረጴዛውን ትክ ብሎ እያየ ቀና ሳይል ቀረ። ማንም አልሳቀም። ሌሊት ሌሊት በሐሳቡ ሲፈራው የኖረው ያንን ሳቅ ነበር።

"ተነስ፣ ምስል ክፍል" አለች ዶክተር ውብአንቺ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምስሉ ግድግዳው ላይ ወጣ። በቀኝ በኩል ነርቩ ያለበት ቦታ ባዶ ነው። በግራ በኩል ሁለት ቀጫጭን ክሮች ቀርተዋል። ዶክተሯ አየችው፣ መልሳ አየችው፣ ከዚያ የራሷን ማሽን መስመር አየች። የሐሙሱን ፕሮግራም ከፍታ "ታግዷል" የሚለውን ተጫነች።

"በሦስት ወርህ ብትነግረኝ ኖሮ የነርቭ ድልድይ እዘረጋልህ ነበር" አለችው። የነርቭ ድልድይ የተበጠሰውን ነርቭ ከጫፍ ጫፍ እየመራ የሚያበቅል ክር ነው። "አሁን ጡንቻውም ደሙን መያዝ እየረሳ ነው። በግራ በኩል እንሞክራለን፤ ብዙ ቃል አልገባልህም። መርፌ አለ፣ ፓምፕ አለ፣ በእነሱ መኖር ይቻላል። ግን ለምን? እኔ እኮ ከአንተ ቢሮ ሦስት በር ነው የምርቀው።"

"አፍሬ ነዋ" አለ ወንድይራድ። ሌላ ምን ይላል?

ዶክተሯ ነገሩን በሥራ መንገድ ያዘችው። የድሬው ልምድ በሳህን ተገልብጦ በቀትሩ ባቡር ይምጣ፤ እገዳውን ከማንሳቴ በፊት ነገ ጠዋት እኔው ራሴ እፈትሸዋለሁ አለች። ለተካልኝ ደግሞ ምን ሊጎዳ እንደሚችል ፊት ለፊት ይነገረው አለች፤ "አንተ ንገረው፣ ያደፋፈርከው አንተ ነህ።" አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ሰዎች እንደገና ይጠየቃሉ፣ ያ ሽማግሌ ግን አይደውልም አለች። መጨረሻ ላይ የወንድይራድን መዝገብ ልትዘጋ ስትል ጣቷ ቆመ።

"ሚስት ለብቻ ትጠየቅ የለም? ያንተን አይተኸዋል?"

አላየውም። የሚስት መልስ የተለየ ገጽ ላይ ነው፤ ማሽኑም ከባልየው መልስ እጥፍ ክብደት ይሰጠዋል፣ ሚስት አትዋሽም ተብሎ። ይህንንም ደንብ ያረቀቀው ራሱ ወንድይራድ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

"ባለቤትዎስ እንዴት ሰነበቱ እናቴ? ሁሉ ነገር ደህና ነው?" ይላል ሽማግሌው።

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል የትርንጎ ድምፅ። ሁለተኛው ላይም ያው። አራተኛው ላይ፣ "በጣም ደህና ነው። እንደ ድሮው ነው።" ስምንተኛው ላይ ጥቂት አመነታችና፣ "ኧረ ከድሮውም ይሻላል!" አለች።

ወንድይራድ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ትርንጎ የድንች ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ድንቾቹ አፈር አያውቁም፤ ሥሮቻቸው በአየር ላይ ተንጠልጥለው ጉም ይረጭባቸዋል። ወንድይራድ ሲገባ የጎማ ጓንቷን እንዳጠለቀች ጉሙ መሃል አገኛት።

"ምነው በዚህ ሰዓት? ምን ሆንክ?" አለችው።

"'ከድሮውም ይሻላል' ያልሽውን ሰምቼ መጣሁ።"

ትርንጎ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ደም መሰለ።

"ታዲያ ምን ልበል?" አለች ጓንቷን እየመዘዘች። "ባሌ አልቻለም ብዬ ለማሽን ላውራ? ነገ ተነስተው መሥሪያ ቤትህ ቢያወሩብህስ?"

"ታውቂ ነበር?"

"ወንዴ፣ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ነው የኖርነው። እኔን ከእነዚህ ድንቾች አንዷ አደረግከኝ እንዴ?" ጓንቷን ጣለችው። "መጀመሪያ ጠልቶኛል ብዬ ነበር። አልቅሻለሁ። በኋላ ነው የገባኝ። ከገባኝ በኋላ ደግሞ እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩ። ብርድ ልብስ ካመጣሁልህ ቀን ጀምሮ ዛሬ ይነግረኛል፣ ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ አለሁ።"

"ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ልነግርሽ ነበር።" ከዚያም ሁሉንም ነገራት፤ የድሬን፣ የመስመሩን፣ የስብሰባውን፣ ባዶውን ቀኝና በግራ የቀሩትን ሁለት ክሮች። ደህና ነኝ ባለ ቁጥር ማሽኑ እንዴት ፈቀቅ እንዳለ፣ የእሷ መልስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደገፋው ነገራት።

ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ተካልኝ! ወንድሜን ልሰጠው ነበር?"

"ቆሟል። ነገ የሚሠራው በድሬው ልምድ ነው። ማታ አብረን ሄደን እንነግረዋለን፤ ሁሉንም፣ የእኔንም ጭምር።"

የድንች ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠችበት፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ትከሻዋን ትከሻው ላይ ስታስደግፍ፣ ሰውነቷ እንዲህ ከተጠጋው ስንት ጊዜ እንደሆነው ሊቆጥር ሞከረና ተወው።

በዚህ መሃል ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ የወንድይራድን መለያ አውቆ ጮኸ። የሁለት ዓመቱ ጥሪ ነበር፤ የቀጠሮው ቀን ለካ ዛሬ ኖሯል። ድምፁን ለመቀየር ገና ጊዜ ስላልነበረ የደወለው ያው ሽማግሌ ነው።

"እንዴት ሰነበቱ አባቴ? ተሻለዎት? ሁሉ ነገር ደህና ነው?"

ወንድይራድ ከልማድ አፉን ከፈተ። ትርንጎ ክርኑን ያዘችው።

"ጊዜ አለዎት አባቴ?" አለች ሽማግሌውን።

"አለኝ እናቴ።"

"እንግዲያው እውነቱን ልንገርዎ" አለች ትርንጎ። "ደህና አይደለንም።"

ማሽኑ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን መልስ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ምን እንደሚል የጻፈለት ሰው የለም፤ ወንድይራድ ራሱ እንዲህ ያለ መልስ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ሽማግሌው ግን፣ "እሺ፣ እየሰማሁ ነው" አለ። ወንድይራድም ሳጥኑን ወደ ግድግዳው ሳብ አድርጎ ከመጀመሪያው ቀን ጀመረለት።